ሰላም ያላልኳቸው ሰዎች

ፍርሃት ዓይነቱ ብዙ ነው። ጅብ የሚፈራ አለ፣ ሚስቱን የሚፈራ አለ፤ ጎረቤቱ ምን እንደሚል የማይፈራ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ፍርሃትን ላክም ፈቃድ አውጥቼ ወረታ ላይ ክፍል የተከራየሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁና ፎገራ ሩዝ እንጂ እንደ እኔ ያለ ፈሪ አብቅላ አታውቅም።

የሙያችን ሕግ፣ ደንበኛህን መንገድ ላይ ብታገኘው ቀድሞ ሰላም ካላለህ እንዳላየህ ሆነህ እለፍ፣ ምስጢሩ ይጠበቅለት ይላል። እንዴት ያለ ጨዋ ሕግ ነው! ያወጣው ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ የወረታን ገበያ አላቋረጠም። እዚህ የልጁን ደኅንነት፣ የከብቱን ጤና፣ የእናቱን ወገብ ሳይጠይቁ ሰውን ማለፍ ጠብ መፈለግ ነው።

ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ደንበኛ አሉኝ። ሱቃቸው ቆመው ሳለ ድንገት ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ልባቸው ካልወጣሁ ይላል፤ "አሁን ሞትኩ" ይላሉ። ሐኪሞች ልብዎ ደኅና ነው ቢሏቸው በጓሮ በር ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ።

"ልጄን ለባለወፍጮው ለኑሩ ልጅ ሰጥቻለሁ" አሉኝ። "ኒካሁ ሳይታሰር የእብድ ሐኪም ቤት እንደምመላለስ ከሰማ፣ በዘራቸው አለ ብሎ ያፈርሰዋል። አደራህን፣ አታውቀኝም!"

አላወቅኳቸውም። በሱቃቸው ባለፍኩ ቁጥር ሰማይ ሰማዩን አያለሁ።

አንድ ከሰዓት ባለባጃጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዶክተር፣ ጋሽ ሰይድ ምን ሆነው ነው አንተ ዘንድ የሚታከሙት?" አለኝ።

"ማን ነገረህ?"

"አንተው ነሃ! ሰዉን ሁሉ ሰላም እያልክ መጥተህ እሳቸው ጋ ስትደርስ ደመና ትቆጥራለህ።"

የሰውየውን ምስጢር በዝምታዬ አውጄላቸዋለሁ! ከዚያ የተማረ ሰው የሚያስበውን አሰብኩ፦ ሁሉንም ሰላም ካላልኩ ማን ከማን ይለያል? ከማግስቱ ጀምሮ ቄሱንም፣ አከራዬንም፣ ባለባጃጁንም ዘጋኋቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አግዳሚ ወንበሬ ሞላ። የሁሉም ፊት አመድ መስሏል፤ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ "ሰላም ሳትለኝ ያለፍከው ምን አይተህብኝ ነው? ጭንቅላቴ ነው? አትደብቀኝ።" እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

አንድ ቀን ከተቀመጡት መካከል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ጋሽ ኑሩን፣ ባለወፍጮውን። አፌን ሳልከፍት የጓሮው በር ተከፈተና ጋሽ ሰይድ ገቡ። ሁለቱ አማቾች ተፋጠጡ። ጋሽ ሰይድን ላብ አጠመቃቸው። የልጅቷ ኒካህ ዓይኔ እያየ ሲፈርስ ታየኝ፤ እኔም አሁን ሞትኩ አልኩ።

"ሰይድ!" አሉ ጋሽ ኑሩ። "አንተንም ሰላም አላለህም?"

ጋሽ ሰይድ ትንፋሻቸውን እንደምንም ሰበሰቡ። "ወላሂ አላለኝም! ሱቄ በር ላይ ሰማይ እያየ ነው የሚያልፈኝ።"

"እኔ እኮ የታመምኩት እኔ መስሎኝ!" ጋሽ ኑሩ እፎይ አሉ። ከዚያ ሁለቱም በኀዘኔታ ወደ እኔ ዞሩ። "ምስኪን፣ የታመመው ይሄ ልጅ ነው ለካ። የሰው ጭንቀት ሲሰማ እየዋለ" አሉ ጋሽ ኑሩ።

ኒካሁ ታሰረ። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ሁለቱ አማቾች ለክርስቲያን እንግዶች በተለየው ዳስ ግራና ቀኜን ይዘው፣ "አይዞህ፣ ያልፋል" እያሉ ምስር ወጥ በየተራ አጎረሱኝ። አልታመምኩም ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር ጉርሻ ይገባበታል። ዞር ስል ጋሽ ሰይድን ሲስቁ አየኋቸው፤ ላብ የለ፣ ምን የለ።

ዋጥኩት።