ጊዜው ያለፈበት ይግባ

መሥሪያ ቤቱ የበሩን ሥልጣን ከሰው እጅ አውጥቶ ለኮምፒውተር ያስረከበበት ዕለት ታላቅ ቀን ነበር። ከእንግዲህ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ጥበቃው ሳይሆን በጥቁር የኮምፒውተር ገጽ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ስክሪፕት የሚሉት፣ ነው። መታወቂያው የሚያበቃበትን ቀን ከዛሬው ቀን ጋር ያወዳድራል፤ ካላለፈ አረንጓዴ መብራት፣ ካለፈ ቀይ። አድልዎ የለ፣ ዝምድና የለ።

ይህን ፍትሕ መጀመሪያ የቀመሰው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። በተሾመ ማግስት ክራቫቱን አሳምሮ፣ የትውውቅ ንግግሩን በልቡ እያነበነበ መጣና መታወቂያውን አስጠጋ። ቀይ።

«ትናንት እኮ ነው የተሰጠኝ!»

«እኔስ ገብቶኛል ጌታዬ» አለ ጥበቃው በአዘኔታ። «ማሽኑ ነው ያልገባው።»

በዚያው ቅጽበት ጡረታ ከወጡ ዓመታት ያለፋቸው የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ፣ ረስተውት የሄዱትን ጃንጥላ ሊጠይቁ ደረሱ። በልማድ አሮጌ መታወቂያቸውን አስነኩት። አረንጓዴ! ሽማግሌው መብራቱን የአገር ጥሪ አድርገው ተቀበሉት፤ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ላይ ወጡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸውም ከቤት ስለወጡላቸው መሥሪያ ቤቱን መረቁ።

አዲሱ ከጥበቃ ቤት ወደ ቢሮው ስልክ ደወለ።

«ማን ልበል?» አሉ ሽማግሌው።

«ሥራ አስኪያጁ ነኝ።»

«እሱ እንኳ እኔ ነኝ። መልእክት ካለ ይተዉልኝ።»

ስክሪፕቱን የጻፈው የኮምፒውተር ባለሙያ ተጠርቶ ወጣ።

«ችግሩ ቀላል ነው» አለ። «ስክሪፕቱ ቀንን እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ከግራ ጀምሮ ነው የሚያወዳድረው። ዛሬ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ነው። የእርስዎ የሚያበቃው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ወር በገባ በአንድ ነው። አንድ ከአሥራ ሁለት ስለሚያንስ አልፎበታል ይላል። የጋሼ ደግሞ ድሮ በሠላሳ ነው ያበቃው፤ ሠላሳ ይበልጣል። ዓመቱ ጋ ሳይደርስ ፈርዶ ይጨርሳል።»

«መፍትሔውስ?»

«ሁለቱንም መጀመሪያ ወደ እውነተኛ ቀን ለውጦ ማወዳደር። አንድ መስመር ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«የሥራ አስኪያጁን ፊርማ። መመሪያው ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያለው ይፈርም ነው የሚለው።»

ቢሮ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ሲጠየቁ «በሩ ምን ሆነ?» ብለው ከልባቸው ተገረሙ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ንግግሩን አጥር ጥግ፣ እንደ እሱ ቀይ ለበራባቸው ሠራተኞች አሰማ። ዝናብ መታው። ማታ ማታ ሚስቱ «ዛሬስ ገባህ?» ስትለው አንገቱን ይደፋል። በመጨረሻ ባለሙያውን ወደ ጎን ሳብ አደረገው።

«ለእኔም ያለፈበት ሥራልኝ።»

ተሠራለት፤ እሱ ገና ተማሪ ሳለ፣ በአንድ ወር ሠላሳኛ ቀን ያበቃ መታወቂያ። ሁለት መያዝ ስለማይፈቀድ ትክክለኛው ተሰረዘ። አረንጓዴ በራለት። ሽማግሌው ቀኑን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ከእኔ በፊት ያለፈበት ሰው ቆሞ እኔ አልቀመጥም» ብለው ወንበሩን ለቀቁ፤ ጃንጥላቸውንም ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ባለሙያው የተስተካከለውን ስክሪፕት ይዞ ቀረበ።

«ይፈርሙልኝና ልጫነው። ትክክለኛ መታወቂያ ያለው ይገባል፤ ያለፈበት ውጭ ይቀራል።»

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አነሣ። ከዚያ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ዳሰስ አደረገና ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

«በሰፊው ይጠና።»

«ውጭ ያሉት ሠራተኞችስ? የእነሱ እኮ ጊዜው አላለፈም።»

«ጥሩ አልክ» አለ ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን እየዘጋ። «እነሱ ገና ጊዜ አላቸው።»