ፊልሙ ያበላሸብን የዐርብ መጽሐፍ

የሚወዱት መጽሐፍ ፊልም ሆኖ መጣ ሲባል አንባቢ ሁሉ አማት ይሆናል። ሙሽሪት ገና ደጃፍ ሳትደርስ ቁመቷ አጠረ፣ አፍንጫዋ ረዘመ ማለት ይጀምራል። አትፍረዱብኝ፣ እኔም ያው ነኝ። ያ ባለታሪክ በልቤ ውስጥ ስንት ዘመን ጠይም ሆኖ ኖሮ፣ ዛሬ አንድ ቀይ መልከ መልካም አምጥተው «እሱ ነው» ሲሉኝ እንዴት ዝም ልበል?

እኛ ካርቱም የምንኖር ሐበሾች ደግሞ የባስን አማቶች ነን፤ መጽሐፉን ሰማነው እንጂ አላነበብነውማ። ያን ጊዜ ቡሪ ሰፈር በአንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር መጽሐፋችን አንድ፣ አንባቢያችንም አንድ ነበሩ፤ ልብስ ሰፊው ጋሽ መኩሪያ። በዚህ አገር ሥራ የሚዘጋው ዐርብ ነው። ዐርብ ደግሞ ጾማችን ነው። ስለዚህ ሆዳችን ሲጾም ጆሯችን ይገድፍ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ከኒሙ ዛፍ ሥር መነጽራቸውን ወልውለው ያነባሉ፤ እኛ በገመድ አልጋው ላይ ተደርድረን እንሰማለን። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ታሪኩ ሀብት ፍለጋ በረሃ ስላቋረጠ ወጣትና ስለምትጠብቀው እጮኛው ነው። ከእኛም መካከል እታፈራሁ ነበረች። የእሷም እጮኛ «ሊቢያ ስገባ እደውላለሁ» ብሎ እንደ ወጣ ድምፁ ጠፍቷል። ጋሽ መኩሪያ መጨረሻው ላይ ደርሰው ልጁ ከአቧራው ውስጥ ብቅ ሲል ግቢው በእልልታ ቀለጠ። እታፈራሁም ለወራት ያልሳቀችውን ሳቀች።

ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ስሄድ መጽሐፉን ገዝቼ አነበብኩት። ልጁ ለካ በረሃ ላይ ነው የሚሞተው! ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በቅርቡ ታዲያ ፊልሙ በፍላሽ መጣልን። ዐርብ ቀን እታፈራሁ ቤት ተሰበሰብን። ዓይናቸው የደከመው ጋሽ መኩሪያም ተደግፈው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። እታፈራሁ ሸብታለች፤ እጮኛዋ አልመጣም። እኔ ጨነቀኝ። ሽማግሌው በሰው ፊት ሊዋረዱ፣ የእሷም ቁስል ሊነካ ነው። በካርቱም መብራት የማይጠፋበት ቀን የለም፤ ያን ቀን ግን ጥፋ ብዬ ብሳል፣ ብለምን፣ ወይ ፍንክች!

ልጁ አሸዋው ላይ ወደቀ። አልተነሣም። ፊልሙም አለቀ።

ቤቱ ተንጫጫ። «ከላም ፋዲ!» ብሎ ተነሣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ የሚነግደው ኃይሌ። «ምን ዓይነት ባዶ ወሬ ነው? መጽሐፉን ሳያነቡ ነው እንዴ የሠሩት? ጋሽ መኩሪያ፣ ይመስክሩ እንጂ!»

ጋሽ መኩሪያ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እታፈራሁን አየሁ።

«ያላ፣ ዝጉት ይሄን» አለች ረጋ ብላ። «ጋሼ፣ እርስዎ የእርስዎን ይንገሩን።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ልጁ እንደ ድሮው ከአቧራው ውስጥ ብቅ አለ። እንደ ድሮው እልል አልን፤ ሳላስበው እኔም አለቀስኩ።

ስንበተን እታፈራሁ እስከ በር ሸኘችኝ። የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ቀደመችኝ።

«ተወው፣ አውቃለሁ። ያኔ አጠገባቸው ነበር የተቀመጥኩት። በመጨረሻው ዐርብ ገጽ ሳይገልጡ ነው አንብበው የጨረሱት።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሳቅሽ?»

«ለእኔ ብለው እንደዚያ ሲደክሙ፣ አልስቅም ልበላቸው?»

ስለ ፊልሙ የሚጠይቀኝ ሰው አሁንም ብዙ ነው። መጨረሻውን አበላሽተውታል እላለሁ።