የልምምዷ ደንበኛ

በከተማይቱ መሃል፣ ስሙ ሲጠራ ከመቀመጫ ብድግ ሊባልለት የሚገባ አንድ ታላቅ ተቋም አለ፤ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይባላል። ውሃ ባይኖረው አገልግሎት አለው፤ አገልግሎት ቢያልቅበት ደግሞ መሥሪያ ቤት ነው። ከሦስቱ አንዱን አያጣም። ክፉ አፍ ያላቸው ሰዎች ስለዚህ ተቋም ብዙ ያወራሉ። እኛ ግን የምናወራው ያደረገውን ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ይበቃል።

ከተቋሙ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ማዕዘን ላይ አንዲት ፀጉር ሠሪ አለች። ጎረቤቷ ቤቱን ዘግቶ ሌላ ከተማ ሊገባ ሲል፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ «ውሃዬን ቁረጡልኝ» ብሎ አመለከተ። ተቋሙም እንደ ጨዋ ተቋም መጥቶ የፀጉር ሠሪዋን ውሃ ቆረጠ። እነሆ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። የሰው ፀጉር በጀሪካን ውሃ ስታለቀልቅ ወገቧ ተቆረጠ፤ ደንበኞቿም አንድ በአንድ ማዶ ወዳለችው ፀጉር ሠሪ ተሻገሩ።

ተቋሙ ስህተቱን አልካደም፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። በየቀኑ ስትመላለስ፣ ስሟን ስለማታውቅ «መስኮት ሦስት» የምትላት ሠራተኛ፣ ቀና ብላ ሳታያት ትመልስላት ነበር።

«ስህተቱ ተመዝግቧል አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ አይታረምም?»

«ገና መመዝገቡ ነው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

«ለማፍሰሱም እኮ ውሃ ያስፈልጋል፣ እህቴ።»

«ሂጂ ከዚህ፣ ነገረኛ!»

ረቡዕ ዕለት ደግሞ የመጨረሻው ዱላ መጣ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ እሳቸው ፀጉራቸውን ሲሠሩ አስተማሪዎቹ ሁሉ ተከትለዋቸው የሚሠሩት፣ የፀጉር ቤቱ ምሰሶ ማለት ናቸው፣ በበሩ ብቅ ብለው፦ «ልጄ፣ ቅዳሜ ፀጉሬን ቀለም እቀባለሁ። ውሃ ካለሽ እሰየው፤ ከሌለሽ እኔም ማዶ መሻገሬ ነው። እንዳትቀየሚኝ» አሏት። እሳቸው ከተሻገሩ ቤቱ ይዘጋል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ሐሙስ በጠዋት ሮጣ ተቋሙ በር ላይ ስትደርስ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ጠበቃት፦ «ውድ ደንበኞቻችን! እናንተን በፈገግታና በቅልጥፍና ለማገልገል የሚያስችለንን ሥልጠና እየወሰድን ስለሆነ እስከ ሰኞ ማንንም አናገለግልም። ደንበኛ ንጉሥ ነው!»

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አላት ዘበኛው።

«ማንበቡንስ እችላለሁ፤ ማመን ነው ያቃተኝ።»

ይህን ሲባባሉ በሩ ተበረገደና አሠልጣኙ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ለካስ ደንበኛ ሆኖ እንዲለማመድ የተመደበው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ከማለቱ ባልደረቦቹ በለመደ አፋቸው ሰድበውት፣ ተቀይሞ ወደ ቤቱ ሄዷል።

«አንድ ደንበኛ! አንድ ደንበኛ የሚገኝበት የለም?»

«ይቺ ነበረች» አለ ዘበኛው እያመነታ፣ «ግን እውነተኛ ናት።»

«ግድ የለም፣ እናስመስላታለን!»

እጇን ይዞ ወደ አዳራሹ አስገባት። ሥራ አስኪያጁ ንግግር እያደረጉ ነበር። «ውሃ ሕይወት ነው» ይላሉ፤ «ሕይወት ደግሞ ትዕግሥት ነው። ስለዚህ ውሃ ማለት ትዕግሥት ነው!» ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከዚያ ፀጉር ሠሪዋን ከአንድ ጠረጴዛ ፊት አቆሟት። ከጠረጴዛው ኋላ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? መስኮት ሦስት። ያቺ ሴት ብድግ አለች፣ እጅ ነሳች፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሷን አሳየች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ! ይቀመጡ። ምን ልታዘዝ?»

ፀጉር ሠሪዋ ማን መጣ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም። እመቤቴ የተባለችው እሷው ናት።

«አንድ ችግር እንደ ገጠመሽ አስመስለሽ ተናገሪ» አላት አሠልጣኙ።

«የጎረቤቴን ውሃ ልትቆርጡ መጥታችሁ የእኔን ቆረጣችሁብኝ። ይኸው አሥራ አንድ ቀኔ።»

አሠልጣኙ ፊቱን አጨማደደ። «ትንሽ የሚታመን ነገር ብታደርጊው?»

«ተዋት» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ሠራተኞቻችን በከባዱ ይፈተኑ።»

ጉድ እኮ ነው! አሥራ አንድ ቀን የጠፋው ፋይል በሁለት ደቂቃ ተገኘ። ስልክ ተደወለ። መስኮት ሦስት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ «በዛሬው ዕለት ይቀጠልላት» የሚል ወረቀት ፈረሙ፣ ማኅተም አረፈበት። ነገሩ ሁሉ ከስድስት ደቂቃ አልፈጀም። ፀጉር ሠሪዋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«እዩ!» ብሎ ጮኸ አሠልጣኙ። «የደንበኛ እርካታ ማለት ይሄ ነው!»

ዓይኗን ጠርጋ፣ «በስንት ሰዓት ይመጡልኛል?» ብላ ጠየቀች።

አጨብጫቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የት ነው የሚመጡት?» አሏት ሥራ አስኪያጁ።

«ቤቴ ነዋ! ውሃውን ሊቀጥሉ።»

«ይሄ እኮ ልምምድ ነው፣ የእኔ እህት።»

«ማኅተሙስ?»

«ማኅተሙ እውነተኛ ነው። በጥራት አንደራደርም። ወረቀቱን ለማስታወሻ ያዢው።»

ላም አለኝ በሰማይ እያለች በጓሮ በር ወጣች። እዚያ ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻዎቹን ዘይት ሲቀባ አገኘችው። እሱ ወደ ሥልጠናው አልተጠራም፤ «ከደንበኛ ጋር ግንኙነት የለውም» ተብሎ ነው። ሥራው ደንበኞች ቤት ሄዶ ውሃ መቀጠል ብቻ ነዋ! ምን ብላ እንደምታስረዳው ስለጠፋት ወረቀቱን ዝም ብላ ዘረጋችለት። አድራሻውን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ ማኅተሙን አየ።

«እንሂድ» አለ።

በግማሽ ሰዓት ውሃው ተንፎለፎለ። ፀጉር ሠሪዋ ከደስታዋ ብዛት ባዶ ገንዳውን ሦስቴ አጠበችው።

ይሁን እንጂ ቧንቧ ሠራተኛው አንድ መጥፎ ጠባይ አለበት፤ የሠራውን ሪፖርት ያደርጋል። ዓርብ ጠዋት «አንድ መስመር ቀጥያለሁ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ሲያገኙ ሥራ አስኪያጁ ክው አሉ። ተቋሙ በሥልጠና ላይ ሳለ አገልግሎት ሰጥቶ ተገኘ! አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፣ ከሰዓት በኋላም ውሳኔ ተላለፈ፦ መስመሩ ቅዳሜ ይቆረጥ፤ ቆረጣውም የሥልጠናው መዝጊያ የመስክ ልምምድ ይሁን።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህርቷ ጭንቅላታቸው በቀለም ተለስኖ፣ ሊታጠቡ ወደ ገንዳው ሲያጎነብሱ፣ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። መስኮት ሦስት ናት፤ ከኋላዋ አሠልጣኙ፣ ከሁሉም ኋላ ቧንቧ ሠራተኛው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«እንደምን አረፈዱ፣ እመቤቴ? ቢፈቅዱልን ውሃዎን ልንቆርጥ ነበር የመጣነው።»

«ኧረ በፈጠራችሁ! ሴትዮዋ ቀለም ላይ ናቸው፣ ላጥባቸውና ቁረጡት!»

«ስሜትዎን እንረዳለን» አለች መስኮት ሦስት፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ልጄ፣ ጭንቅላቴ ነደደ!» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ዞረች። «አንተስ ወንድሜ፣ አንጀትህ እንዴት ቻለ?»

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ይሄኛውም ማኅተም አለው።»

ያኔ ፀጉር ሠሪዋ የመስኮት ሦስትን ሁለት እጆች ያዘች። «እባክሽ የእኔ እናት፣ እንደ ድሮሽ ስደቢኝ። አመናጭቂኝ፣ ቀና ብለሽም አትዪኝ። ውሃዬን ብቻ ተዪልኝ።»

መስኮት ሦስት አሠልጣኙን በዓይኗ ጠየቀች። አሠልጣኙ «አይሆንም» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«አስተያየትዎን በደስታ ተቀብለናል» አለችና ለቧንቧ ሠራተኛው ምልክት ሰጠችው። ቧንቧው ጉርር ብሎ ዝም አለ።

ርዕሰ መምህርቷ ፎጣ ጭንቅላታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «አይ ልጄ፣ አንቺን አይደለም የምቀየመው» እያሉ ወደ ማዶ ለመሮጥ ተነሡ። ተራቸውን የሚጠብቁት አምስት አስተማሪዎችም ቦርሳቸውን አንሥተው ተከተሏቸው። መስኮት ሦስት ግን ቀድማ ሮጣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸውና፣ አንድ በአንድ ሲወጡ እጅ እየነሣች፣ «ስለጎበኙን እናመሰግናለን! ደግመው ይምጡልን!» አለቻቸው።