የአማቼን ፋይል ፍለጋ

ሴት ልጁን ሊድር የተዘጋጀ አባት ሁሉ ለጥቂት ሳምንት መርማሪ ፖሊስ ነው። ደመወዝና ሽጉጥ የለውም እንጂ ዓይኑም ጆሮውም ጥርጣሬውም የፖሊስ ነው። "እኔ እንዲህ አልነበርኩም" የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ሴት ልጅ የላችሁም፣ ወይ ሚስታችሁ ወይንሸት አይደለችም።

ልጃችን ሊዲያ ናሆም ተሰማ የሚባል ነርስ ወዳለች። ልጁ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት የሚሉት ሐይቅ አጠገብ ነው የሚኖረው። ትሑት ነው። እኛ ዘንድ ሳን ሆዜ ሲመጣ ሳንነግረው ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ሽማግሌ የሚልክበት እሑድ ሁሉ ተቆርጦ ነበር። እኔማ በልቤ ድሬ ጨርሻለሁ። ታዲያ ሽማግሌ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ወይንሸት ከቤተ ክርስቲያን ወሬ ይዛ ተመለሰች።

"ይሄ ልጅ ኦክላንድ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት የት እንደኖረ ታውቃለህ?"

"የት?"

የአንዲት ገጠር ካውንቲ፣ ወረዳ በሉት፣ ስም ጠራችልኝ። ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስባት፣ ከሰው ይልቅ ላም የሚበዛባት አገር ናት። ስሟን አልነግራችሁም። ምክንያቱን በኋላ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

"ሥራ አግኝቶ ይሆናላ" አልኳት።

"ፋንታሁን፣ እዚያ አገር አንድ ሐበሻ የለም። ሐበሻ በሌለበት አገር ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሐበሻ፣ ወይ ተደብቋል ወይ ታስሯል።"

ሳስበው... አሳማኝ ነው። ሊዲያን ጠጋ ብዬ በዘዴ ጠየቅኋት። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "ዳድ፣ ጀስት አስክ ሂም" አለችኝ። እዚህ ተወልዳ በምን ትወቀው? ባለቤቱ እንዴት ይጠየቃል? የሰው ነገር የሚጣራው ከጀርባው ነው። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ብለዋል አባቶች።

እናንተም አንድ ቀን ይደርስባችኋልና የገጠር ካውንቲ የወንጀል መዝገብ እንዴት እንደሚታይ ላስተምራችሁ። የትልልቆቹ ካውንቲዎች ኦንላይን ነው፤ ስም ትጽፋላችሁ፣ ጉዱ ይዘረገፋል። የዚችኛዋ ድረ ገጽ ላይ ያለው ግን የፍርድ ቤቱ ፎቶና አንድ የማይነሣ ስልክ ብቻ ነው። ባክግራውንድ ቼክ እናደርጋለን፣ የሰው ጀርባ እናጣራለን ከሚሉት ድረ ገጾች አንዱን ሞከርኩ። ናሆም ተሰማ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው አለኝ። ለወይንሸት አልነገርኳትም፤ ልታምን ትችላለች። ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው። ሥራ ቦታ "ሲክ ነኝ፣ አሞኛል" ብሎ ኮል ማድረግ፣ ከዚያ መኪና አስነሥቶ መሄድ። የምትቀርቡትም በአካል፣ ከነመታወቂያችሁ ነው። መዝገብ ቤቱ ደግሞ ከቀትር በኋላ አይሠራም።

ቀትር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ደረስኩ። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። መንጃ ፈቃዴን ሳታየው ተቀብላ ከጎኗ አስቀመጠችው።

"ፌሎኒ ነው የምፈልገው" አልኳት። ፌሎኒ ማለት ቀላሉ ሳይሆን ከባዱ፣ ሰው የሚያሳስረው ወንጀል ነው። እኔ ግን ሥጋ ቤት ቆሜ የማዝዝ ነበር የምመስለው።

"የቤተሰብ ስም?"

"ተሰማ።"

በሁለት ጣት እየለቀመች ጻፈች። "አንድ ተሰማ አለን" አለችኝ።

ወይኔ ልጄ... ወይኔ ያ ጫማ ማውለቅ...

"ምን አድርጎ ነው?"

"የእንስሳት ስርቆት። በግ።"

ነርስ በግ ይሰርቃል? ለምን ብሎ? "እስቲ የራሱን ስም አንብቢልኝ" አልኳት። መነጽሯን አደረገች። "ፋን... ፋንታ..." እያለች ስትታገል እኔ ቀድሜ ጨረስኩላት። ፋንታሁን ተሰማ። እኔው ነኝ።

እንደምታውቁት የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው፤ ተሰማ የእኔ አባት ነው። የናሆምም አባት ተሰማ ነው። ሁለቱ ተሰማዎች በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም። በዚያ ካውንቲ መዝገብ ግን አንድ ቤተሰብ ነን።

በጉን ታዲያ ወዲያው አስታወስኩት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ጓደኛዬ ሙሌና እኔ ለፋሲካ በግ ልንገዛ ወጣን። ሙሌ ነው የነዳው። እኔ መንገዱን ሁሉ ተኝቼ ስለነበር የት አገር እንደሄድን አላውቅም። ባለ በጉ በስልክ፣ "ቤት አልኖርም፤ ቀይ በር አለ፤ ከበረቱ አንዱን ውሰዱና ገንዘቡን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ክተቱ" ብሎን ነበር። ያልነገረን ነገር፣ እዚያ መንገድ ላይ ያለው በር ሁሉ ቀይ መሆኑን ነው።

መጀመሪያ ያየነው ቀይ በር ገባን። በረቱ ውስጥ አንድ በግ ብቻ፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ሪባን ታስሮለት ቆሟል። ሙሌ እጁን አሾልኮ ጀርባውን ዳበሰና፣ "ይሄ በግ አይደለም፣ ጮማ ነው" አለ። እኔ ግን የማረከኝ ሪባኑ ነው። ለበዓል ነው ብለነው ስለነበር ሰውዬው በጉን አስጊጦ ያቆየልን መሰለኝ። እንባዬ ነው የመጣው። ብር ስከት አብሬ ማስታወሻ ጻፍኩ። "ስለ ሪባኑ ከልብ እናመሰግናለን፤ እግዚአብሔር ይባርክዎ።" ሙሉ ስሜን ከነስልክ ቁጥሬ።

እስቲ ከፍሎ፣ መርቆ፣ ስልኩን ጽፎ የሚሄድ ሌባ ታውቃላችሁ?

ሴትዮዋ የቀረውን ከፋይሉ አነበበችልኝ። በጉ ቻርሊ ይባል ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ በጡጦ ያሳደገችው፣ በካውንቲው ውድድር አንደኛ የወጣ ሻምፒዮን ነው። ፖሊስ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ካገኘው ማስታወሻዬ ቁጥሬን ወስዶ ስድስት ጊዜ ደውሎልኛል። እኔ ደግሞ የማላውቀው ቁጥር አላነሣም። በመጨረሻ ብር ትቶ መርቆ የሄደ ሰው ሌባ አይደለም ተብሎ ክሱ ተዘጋ። ፋይሉ ግን እዚያው ተቀመጠ።

የናሆምን ስም ነገርኳት፤ "በዚህ ስም ምንም የለንም" አለችኝ። "ይሄን ፋንታሁንን ታውቀዋለህ?"

"በጭራሽ።"

መንጃ ፈቃዴን አንሥታ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ከዚያ በመስኮቱ አሾልካ ሰጠችኝ። "መታወቂያህን እንዳትረሳ፣ ሚስተር ተሰማ።"

ማታ ወይንሸት በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እሺ?"

"ንጹሕ ነው።"

"ታዲያ ፊትህ ምነው አመድ መሰለ?"

"መንገዱ ነው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። የሙሽሪት አባት የበግ ሌባ ነው ከተባለ ማን ሽማግሌ እኛ ቤት ይቀመጣል? ልጄ በእኔ ጦስ ልትቀር ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ዘለቀ፣ በጃንሆይ ዘመን በርክሌ ለትምህርት መጥተው አስተማሪ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቃል የማይባክንባቸው ሰው ናቸው። ቆመው ልጃችንን ለልጃቸው ጠየቁ። ወይንሸት በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ያስጠናችኝን ማለት አለብኝ።

"መቼም... ስለ ልጁ ማጣራት ያለብን ነገር ይኖራል" አልኩ።

"ይገባል፣ አቶ ፋንታሁን" አሉ ጋሽ ዘለቀ። "ናሆም በበኩሉ ስለ እርስዎ ማጣራት አላስፈለገውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነገረው ነው የኖረው።"

ወይንሸት ዞር ብላ አየችኝ። ጋሽ ዘለቀ ቀጠሉ።

"ልጁ እዚያ ገጠር ሆስፒታል ሥራ በጀመረ ዕለት፣ ተሰማ እባላለሁ ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ ይላል። ከዚያ ወዲያ በሽተኛው ሁሉ፣ ቻርሊን፣ በጋችንን የበላው ያንተ ወንድም ነው ወይ እያለ መድኃኒት አልቀበል አለው። መጨረሻ ላይ ከገዛ ኪሱ ግልገል ገዝቶ ለልጅቷ ሰጠና ሰላም አወረደ። በኋላ ከሊዲያ ጋር ተዋውቆ የአባቷን ሙሉ ስም ስትነግረው፣ አንድ ሳምንት አልተኛም።"

ሊዲያ ከጓዳ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። "ዳድ... ዩ ኤት ቻርሊ?"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ምድጃው ዳር እኔን ተቀምጬ አይቶ የተተረተ ይመስለኛል። ተነሣሁና ሁሉንም ይቅርታ ጠየቅሁ። እዚያ ያልነበረውን ናሆምን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ነፍሱን ይማርና ቻርሊንም።

"ይህን ሁሉ እያወቀ ነው የላካችሁ?" አልኳቸው ጋሽ ዘለቀን።

"እያወቀ ነው። ልጅትዋን ይወዳታል፤ እርስዎንም ያከብራል። አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሎናል።"

"ምን? የፈለገውን።"

"የሠርጉን በግ እሱ ራሱ ይገዛል። እርስዎ በረት አጠገብ እንዳይደርሱ።"

ልጄን በደስታ ሰጠሁ። ለሙሌም ደውዬ ነገርኩት። ሁሉን ሰምቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦

"የሠርጉን በግ ጀርባ እንኳ ብዳብስ ልጁ ምን ይላል?"