የጋሽ ሞርቲመር ቀይ አግዳሚ

በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የዘመናዊ ዳንስ ቡድን፣ በሕይወቱ አንዲት እርምጃ ያልደነሰ፣ ዳንሰኛ የት መቆም እንደሌለበት ግን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አለው። ሰዓሊ ነኝ ይላል፤ ቀራፂ ነኝ ይላል፤ ሲያሻው ደግሞ ዲዛይነር ነኝ ይላል። መድረኩን ይሠራል፣ ልብሱን ይሰፋል፣ ከዚያ እኛ ዳንሰኞቹ ስንገባበት ዝንብ ቤቱን እንደወረረው ሰው ፊቱን ያጠቁራል። የሌሎቹን አላውቅም። የእኛው ክቡር ሞርቲመር ግሊክ ናቸው።

ጋሽ ሞርቲመርን የማያውቅ ዳንሰኛ ብሩክሊን ውስጥ ካለ ገና ትናንት የመጣ ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የሱሪያቸው የመጀመሪያ ቀለም ምን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ያለ አይመስለኝም። ምግብ ቤት ሲገቡ፣ ከማዘዛቸው በፊት ጨዉንና የካቻፑን ጠርሙስ ቦታ ቦታ ያስይዛሉ። የራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! አንድ ቀን አጠገባችን እንቁላሉን ይበላ የነበረ የማያውቁትን ሰውዬ ሳህን ወደ ግራ ገፋ አደረጉበት።

"ምን እያደረጉ ነው?" አላቸው ሹካውን እንደያዘ።

"አሁን ብላ" አሉት። በላ።

በሰርጌ ዕለት ደግሞ ፎቶ ልንነሳ ስንል አማቴን በትከሻቸው ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ወሰዷቸው፤ "ቡናማው ቀሚስ ይከብዳል" ብለው። አማቴ እስከ ዛሬ አኩርፈዋቸዋል። ፎቶው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ግሩም ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት እንደ ሰሌን ከደረቀ ሱፍ ልብስ ሰፉልን። ብንለብሰው እጃችን አልነሳ አለ።

"ጋሽ ሞርቲመር፣ እጃችን እኮ አይነሳም!"

"እጅ ይነሳል ያላችሁ ማነው?"

"እኔ ነኛ!" ብላ ጮኸች ሮዛሊንድ ቲግ፤ ቡድኑን ያቋቋመችው፣ ዳንሶቹንም ሁሉ የምትፈጥረው እሷ ናት። "ዳንሱ ውስጥ እጅ አለ!"

"ልብሱም ውስጥ አለ። እጅጌ አላደረግኩም እንዴ?"

እጃችንን ሳናነሳ ደነስን። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። በዓመቱ ደግሞ የመድረኩን ወለል ነጭ ቀብተው፣ ሳይደርቅ አስገቡን፤ ስድስት ሰው እግሩ እየተጣበቀ፣ በየደረሰበት ዱካውን እያተመ ደነሰ። አንድ ጋዜጣ "በእግር የተሳለ ሥዕል" ብሎ አሞገሰን። ክቡርነታቸው ጋዜጣውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "አስቤበት ነው" አሉ። አስበውበት እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን። የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ሰውዬው ሲሳሳቱም ይቀናቸዋል።

የሮዛሊንድ ቡድን አንድ ሕግ አለው። ዳንሱን እሷ ለብቻዋ ትሠራለች፤ መድረኩን እሳቸው ለብቻቸው ይሠራሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ አያይም፣ አይጠይቅም። ሁለቱ ሥራዎች የሚተዋወቁት በመጨረሻው ልምምድ ቀን ነው። ዳንስ የሥዕል ሎሌ አይሁን፣ ሥዕልም የዳንስ ሎሌ አይሁን ነው ነገሩ። በወሬ ያምራል። በመካከል የሚቀጠቀጠው ግን የእኛ ቁርጭምጭሚት ነው። ጋሽ ሞርቲመር ሕጉን አጥብቀው ያከብራሉ። በብርዱ ወራት የሥራ ቤታቸው ማሞቂያ ስለሌለው ወደ መለማመጃ አዳራሻችን ይመጡና፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ በመስታወቱ ግድግዳ ፊት ጋዜጣቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ። ዞር ብለው አይተውን አያውቁም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልግባ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከሮዛሊንድ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደንሻለሁ። ባለፈው ጥር ግራ ጉልበቴ ከዳኝ። በአዲሱ ዳንስ መሃል ብቻዬን የምደንሰው አራት ደቂቃ አለ፤ መድረኩን በዝላይ አቋርጣለሁ። ከዝላዩ ባረፍኩ ቁጥር ዓይኔ ላይ እሳት ብልጭ ይልብኛል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለባሌም ጭምር። ሮዛሊንድ ካወቀች አራቱን ደቂቃ ለታሊያ ትሰጣለቻ! ታሊያ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እንደ ፌንጣ ትዘላለች። ክፋቱ ደግሞ ጥሩ ልጅ ናት፤ ልጠላት እንኳ አልቻልኩም። አራቱ ደቂቃ ከሄደ እኔም አብሬ መሄዴ ነው። በዚህ ሙያ ከመሃል ወደ ዳር የወጣች ሴት ቀጥሎ የምትወጣው በበሩ ነው።

በጥቅምት፣ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ልምምድ ደረሰ። አናጺው ኤፍሬን ከሁለት ሰዎች ጋር አንድ ቀይ አግዳሚ ተሸክሞ ገባ። ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር የሚደርስ፣ በእግሮች ላይ የቆመ ረጅም እንጨት ነው፤ ቁመቱ እስከ ወገብ አይደርስም። መሃል ላይ፣ እኔ የምዘልበት ቦታ ላይ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን አሰሩት።

"ሞርቲመር! ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሮዛሊንድ።

"ቀይ ነው።"

"ቀይ መሆኑንማ አያለሁ! ጆሲ እዚህ ጋ ነው የምትዘለው!"

"ታዲያ አትዝለላ!"

"አንድ ክንድ ወደ ኋላ አድርገው።"

"አይሆንም።"

"አንድ ስንዝር፣ አንተ ሰውዬ!"

"ዕቃ አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ለዚህ አይደል እንዴ ዳንሰኛ የተባላችሁ?"

የሰውን ሳህን ሲገፉ፣ የሰውን አማት ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው እንዲህ የሚሉት! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ ሞርቲመር ሞኝ አይደሉም፤ አለመልቀቁን ግን ከሁለቱም ተምረውታል። ደሜ ፈላ። በዚህ መሃል ታሊያ በየዋህነት እጇን አወጣች።

"ከላዩ ብዘለውስ?"

ሮዛሊንድ "ሞክሪው" አለቻት። ተንደርድራ እንደ ላባ ዘለለችው። ሁለተኛም ዘለለችው። እኔ ጥግ ቆሜ ጫማዬን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ።

"ያምራል" አለች ሮዛሊንድ የመነጽሯን እጀታ እያኘከች። "ግን ሰርከስ ሆነ። ጆሲ፣ አንቺስ ምን ታደርጊበታለሽ?"

ምንም ያሰብኩት አልነበረም። ሄጄ እጄን አሳረፍኩበት፤ ዳሌዬን አስደገፍኩ፤ ከዚያ ከዚህኛው ጫፍ እስከዚያኛው፣ ቀስ ብዬ፣ እየተንከባለልኩ፣ እየተንጠለጠልኩ ሄድኩ። አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። ግራ እግሬ መኖሩንም ረሳሁት።

"ይሄ ነው" አለች ሮዛሊንድ። "ዝላዩ ወጥቷል። ያንቺ ነው።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብቼ ሽማግሌውን ስረግም አመሸሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዘለልኩትን ዝላይ እንጨት ቀማኝ ብዬ!

ዓርብ ተከፈተ፤ ጥሩ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰውነቴን ላፍታታ ስመጣ ኤፍሬን ብሎኖቹን እያጠበቀ አገኘሁት።

"ቁመቱ ተመቸሽ?" አለኝ።

"የምኑ?"

"የእንጨቱ ነዋ። ሦስት ጊዜ አስቆርጠውኛል። ከዳሌዋ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፣ አለዚያ ክብደቱ ጉልበቷ ላይ ይወርዳል እያሉ ነፍሴን ሊያወጧት!"

"የማን ጉልበት?"

"አይ አንቺ ሴትዮ! ያንቺ ነዋ!"

ክቡርነታቸው ከአግዳሚው ማዶ ተንበርክከው የተላጠ ቀለም ይቀቡ ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ጋሽ ሞርቲመር፣ ጉልበቴን አይተውታል?"

"እኔ ጉልበት አላይም። የማየው መስመር ነው። ከጥር ጀምሮ ግራው መስመር እየተሰበረ ነው።"

"ጀርባዎን ሰጥተውን አልነበር የሚቀመጡት? ሕጉስ?"

"መስታወት ማየት በየትኛው ሕግ ነው የተከለከለው?"

አለቀስኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ብቻዬን ስሸከመው የኖርኩት ነገር አንድ ሰው ዘንድ ታውቆ፣ ተለክቶ፣ ተቆርጦ፣ ቀይ ተቀብቶ እንደነበር ሳውቅ ምን ላድርግ? እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት። እንባዬን እንድጠርግ ጨርቅ አቀበሉኝ፤ የቀለም ጨርቅ ኖሮ ፊቴ ቀይ በቀይ ሆነ። ጎንበስ ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

"ትናንት ግን" አሉ ብሩሹን ሳያቆሙ፣ "ሙሉ ክብደትሽን አልጣልሽበትም። ግማሹን ይዘሽው ነበር። ምን ያስፈራሻል? እንጨቱ ሦስት ሰው ይችላል። ዛሬ ጣይበት።"

ማታ መብራቱ በራ። ሄድኩና ዳሌዬን አሳረፍኩ፤ ግራ እግሬን ከወለሉ አነሳሁት፤ ከዚያ ያለኝን ሁሉ ጣልኩበት። ቻለኝ።