በእድር ማኅተም የጸደቀው የተከራዮች ደንብ

ቤት አከራይተው ለመክበር ቆርጠው ለተነሡ ጀማሪዎች ሁሉ ይጠቅም ዘንድ ይህን ልምድ የምጽፈው ከሰፈሩ ሰው በእውቀት ስለምበልጥ አይደለም። የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። እስክሪብቶውም ማኅተሙም እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። የምነግራችሁ ደግሞ ከመጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን ከጎረቤቴ ከአቶ ቢሻው የተገኘ ተግባራዊ ትምህርት ነው።

አቶ ቢሻው እዚሁ ጎንደር በአንድ መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ናቸው። ቡድኑ ሁለት ሰው ሲሆን አንደኛዋ በወሊድ ፈቃድ ላይ ነች። ከትልቁ ቤታቸው ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለቻቸው፤ በእርሷም ራሔል የምትባል ነርስ ስድስት ዓመት ተከራይታ ኖራለች። ራሔል ኪራይዋን ወሩ ሳያልቅ ታመጣለች። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት የባለቤታቸውን የወይዘሮ አማረችን የደም ግፊት ትለካለች፣ መድኃኒታቸውን እፊቷ ታስውጣቸዋለች። አቶ ቢሻው ይህን እንደ ትርፍ ቆጥረውት አያውቁም ነበር፤ ገና ሥልጠና አልወሰዱምና።

ቤት አከራይቶ የመክበሩን ሥልጠና የወሰዱት ባለፈው ኅዳር ነው። ሦስት ቀን ሰልጥነው የምስክር ወረቀትና ቦርሳ ይዘው ተመለሱ፤ በሳምንቱም የሥልጠናው የመጀመሪያ ፍሬ የሆነው ባለ አሥራ አራት አንቀጽ ደንብ ወጣ። ለአብነት ያህል፣ አንቀጽ አምስት፦ «የተከራይ እንግዳ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ግቢውን ለቆ ይወጣል፤ የእንግዳው ዕድሜ፣ ዝምድናና የመጣበት ጉዳይ ግምት ውስጥ አይገባም።» አንቀጽ ዘጠኝ፦ «ተከራይ ውኃ በመጣ ቀን ሁለት ጀሪካን፣ ባልመጣ ቀን ትዕግሥት ይጠቀማል።» አንቀጽ አሥራ አራት፦ «ግቢውን የለቀቀ ተከራይ በማናቸውም ምክንያት ተመልሶ ሊገባ አይችልም።»

ደንቡን ይዘው ቤቴ መጡ።

«ማኅተም የሌለው ደንብ ምክር ነው» አሉኝ።

«የእድሩ ማኅተም እኮ ለቀብር ጉዳይ ነው» አልኳቸው።

«ክብ ነው አይደለም?»

ክብ ነው። መታሁላቸው።

በማግስቱ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ሲያበቃ አቶ ቢሻው ተነሥተው «የተከበራችሁ አከራዮችና የወደፊት አከራዮች» ብለው ጀመሩ። ዘርፉ እስከ ዛሬ በይሉኝታ ሲመራ መቆየቱን፣ ይሉኝታ ደግሞ ካፒታል አለመሆኑን አስገነዘቡ። የደንቡን ፎቶ ኮፒ በነጻ አደሉ፤ አጨበጨብን። ከሁሉ ቀድመው በግቢያቸው በር ላይ የለጠፉት ከእኛ ሦስት በር ዝቅ ብለው የሚኖሩት ወይዘሮ ፈንታዬ ናቸው። እኚህ ሴት ደንብ ይወዳሉ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አቶ ቢሻው ገበያውን ተመለከቱ። ለጥምቀት ጎንደር ሰው ይሞላባታል፣ ሆቴሎች አልጋ ያጣሉ። ስለዚህ ራሔልን ጠሯት።

«ክፍሉ ወደ ላቀ ደረጃ ሊሸጋገር ስለሆነ እስከ ገና ትለቂያለሽ።»

«ያጠፋሁት ነገር አለ ጋሼ ቢሻው?»

«ጥፋትማ የለብሽም። አንቺ የረጋ ገቢ ነሽ። የረጋ ገቢ ደግሞ ዕድገት የለውም፤ አሠልጣኙ ነው ያለው።»

«የእትዬ አማረችን ግፊትስ ማን ይለካል?»

«እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል።»

ወይዘሮ አማረች ከኩሽናው በር ላይ ሆነው ሰምተዋል። የዚያን ቀን ምሳ አልቀረበም። ራሔል ዕቃዋን አንድ ባጃጅ ላይ ጭና ወይዘሮ ፈንታዬ ግቢ ገባች። ስትወጣ አቶ ቢሻውን «ደህና ይሁኑ» ብላ ጨብጣቸዋለች። እኔ ብሆን አልጨብጥም ነበር።

ከዚያ እድሳቱ ተጀመረ። ሳሎኑ «ፋሲል»፣ መኝታ ቤቱ «ምንትዋብ»፣ የራሔል ክፍል «ኢያሱ» ተባሉ። ከከተማው ዳር ከወለቃ መንደር የሸክላ አንበሶች ተገዝተው በየአልጋው ራስጌ ቆሙ። ባለቤቶቹ «ለአሥር ቀን ብቻ» ተባብለው ኩሽና ውስጥ ማደር ጀመሩ። የቀረው ማስታወቂያ ነው። አሠልጣኙ «ደንበኛን በዋጋ አታስደንግጡት፤ መጀመሪያ ዘመድ አድርጉት» ብሎ ነበርና አቶ ቢሻው በፌስቡክ ገጻቸው ላይ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«ለጥምቀት ወደ ጎንደር ለምትመጡ ሁሉ። ቤታችን ቤታችሁ ነው። አልጋ አንጥፈን እንጠብቃችኋለን። ሳታፍሩ ኑ። ቢሻውና ቤተሰቡ።»

ጀማሪ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በል። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ጥሪ ነው። አይከል የሚኖር አንድ አስተማሪ ከስልኩ ላይ ለአያ ማናዬ አነበበላቸው። አያ ማናዬ የአቶ ቢሻው አባት ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።

ከከተራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከአይከል የመጣ ሚኒባስ አቶ ቢሻው በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ አንድ በግና አንድ እንስራ ማር አራገፈ።

«አባትህ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ሸጋ ጥሪ ሰምተን አናውቅም» አሉ አያ ማናዬ፣ የወንድማቸውን ልጅ አንገት አቅፈው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እኛማ ከተማ ገብቶ ረሳን ብለን ስናማህ ነበር።»

«አያ ማናዬ፣ አልጋው እንኳ...»

«አልጋው ካነሰ መሬት ይበቃናል። ምነው ትጨነቃለህ?»

በማግስቱ ከእንፍራንዝ ሰባት ተጨመሩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባልና ሚስት ሻንጣ እየጎተቱ መጡ። እነዚህ ደውለው ዋጋ ጠይቀው ቀብድ የላኩ ብቸኞቹ ደንበኞች ናቸው። በር ላይ የተቀበሏቸው አያ ማናዬ ነበሩ።

«ቀብድ ከፍለናል» አለ ሰውዬው።

«ለምኑ?»

«ለአልጋው።»

አያ ማናዬ ዞሩ። «ቢሻው፣ እነዚህን የእግዜር እንግዶች ማን ነው ያታለላቸው? ካባትህ ቤት ገንዘብ ከፍሎ የሚያድር አለ?»

አቶ ቢሻው ሃያ ስድስት ዘመድ እያያቸው ከኪሳቸው አውጥተው ቀብዱን መለሱ፤ «የአሠራር ስሕተት ነው» ሲሉም አስረዱ። ባልና ሚስቱ «ኢያሱ» ውስጥ አራት ቀን አደሩ፣ ከበጉ በሉ፣ ተመርቀው ሄዱ። በኋላም በፌስቡኩ ገጽ ላይ ስለ መስተንግዶው ብዙ አመስግነው «ለከርሞ ከነልጆቻችን እንመጣለን» ብለው ጽፈዋል።

ጥምቀት አለፈ፣ እንግዳው ተበተነ። አያ ማናዬ ብቻ ለዓይናቸው የሐኪም ቀጠሮ ስላላቸው ቀሩ። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ተከራይ ይመጣል፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ እስከ አንቀጽ ዘጠኝ ያነባል፣ ይሄዳል። በዚህ መካከል አንድ ጠዋት ወይዘሮ አማረች ዞሮባቸው የኩሽናውን ግድግዳ ይዘው ቁጭ አሉ። ግፊታቸው ለአንድ ወር ሙሉ አልተለካም ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ገና አልተጀመረማ።

ሻል ሲላቸው የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «ወይ ራሔልን ታመጣለህ፣ ወይ እኔም ወይዘሮ ፈንታዬ ግቢ እከራያለሁ።»

አሁን ቀልዱን ልተወውና፣ የዚያን ቀን አቶ ቢሻው አሳዘኑኝ። ቤቴ ድረስ መጥተው ነው ሽማግሌ እንድሆን የለመኑኝ። አያ ማናዬንና የነፍስ አባታቸውን ጨምረን ሦስት ሆንን።

«ለጋብቻም ለደምም ሽማግሌ ሆኜ አውቃለሁ» አሉ አያ ማናዬ ዱላቸውን እያነሡ። «ለተከራይ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ለመሆኑ ልጂቱ ለምን ወጣች?»

«በአሠራር ምክንያት» አሉ አቶ ቢሻው።

ሽማግሌ ደጅ የሚጠናው በጠዋት ነው። አቶ ቢሻው ግን ከመሥሪያ ቤታቸው መውጫ ሰዓት ጋር አጣጥመው በአሥራ አንድ ተኩል ቀጠሩን። እርሳቸው እንደ ሽምግልና ወግ ከወይዘሮ ፈንታዬ በር ውጭ ቀሩ፣ እኛ ገባን። ራሔል ከአልጋዋ በቀር መቀመጫ ስለሌላት አልጋዋን ለቀቀችልንና ቆማ ሰማችን። ቄሱ ስለ ይቅርታ በግዕዝም በአማርኛም ተናገሩ።

«ይቅርታማ ገና ስወጣ ነው ያደረግኩት» አለች ራሔል። «እትዬ አማረች ጠዋት ጠዋት እዚህ ይምጡ፣ እለካቸዋለሁ። ከእርሳቸው ጋር ምን ጠብ አለኝ? መመለስ ግን አልችልም።»

«ለምን ልጄ?» አሉ አያ ማናዬ።

«አንቀጽ አሥራ አራት ይከለክለኛል። የለቀቀ ተመልሶ አይገባም።»

«ይሻራላ» አልኩ እኔ።

«ማኅተም አለበት» አለችና አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

አያ ማናዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዋናውን ልመና ሊጀምሩ ሲሉ ወይዘሮ ፈንታዬ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አሥራ ሁለት ሊሞላ ነው፤ ሰዓታችሁ ደርሷል» አሉ። «ደፍሬያችሁ እንዳይመስላችሁ። ደንብ ነው።»

በዕድሜያቸው ከሽምግልና ተባረው የማያውቁት አያ ማናዬ ዱላቸውን ተመርኩዘው ወጡ። አቶ ቢሻው በሩ ሥር፣ ከተለጠፈው የደንብ ወረቀት አጠገብ ቆመው ይጠብቁናል። አያ ማናዬ ወረቀቱን በዱላቸው ጠቆሙ።

«እሱ ነው ያስወጣን? ምን ይላል?»

አነበብኩላቸው፤ ዕድሜ፣ ዝምድናና የመጣበት ጉዳይ ግምት ውስጥ እንደማይገቡም ሳልዘል አነበብኩ። ሽማግሌው ዱላቸውን ከወረቀቱ ላይ አወረዱ።

«ይህን የጻፈ ሰው ዘመድ የለውም?»

አቶ ቢሻው ጫማቸውን ያያሉ። እኔም ጫማቸውን ማየት ጀመርኩ። ወይዘሮ ፈንታዬ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብለው ማኅተሙን መረመሩ።

«እድር ግን አለው» አሉና በሩን ዘጉት።