የጸለይኩላቸው ፕሮፌሰር

ለጎረቤታችሁ ስትጸልዩ ትንሽ አሰብ አድርጉ። ጸሎት ይሰማል፤ በዚህ አልጠራጠርም። የምጠራጠረው የምንለምነውን ማወቃችንን ነው።

ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ድሮ ወፍጮው ሲቆም ግድ አልነበረኝም። ጎረቤቴ ፕሮፌሰር ጴጥሮስ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ያስተምሩ ነበር። ቅዳሜ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይመጣሉ፤ ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ያስጠጋሉ፤ «ኩሽኔታው ነው፣ ጋሽ ማርቆስ» ይላሉ። ኩሽኔታው ሆኖ ይገኛል። ቀይረው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አይደል? እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ታቦር ቀረ ብዬ ተቆረቆርኩላቸው። እሁድ በጉባኤ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ እጄን አወጣሁ። ጌታ ለወንድማችን የእድገት በር ይክፈት አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ብዙ ወራት ሳይቆይ መንግሥት ጠራቸው። አዲስ አበባ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ከሚያዘጋጁት ዋናው ሆኑ። ምስጋና አቀረብን፣ ዳቦ ቆረስን። በማግስቱ ወፍጮዬ ቆመ።

ብደውል ስብሰባ ላይ ናቸው። ሳምንት ቆይቼ ብደውል ስብሰባው አላለቀም። ያመጣሁት ሠራተኛ መፍታቱን እንጂ መጠገኑን አላወቀበትም። ደንበኞቼ እህላቸውን በባጃጅ ጭነው ወደ ጎረቤቱ ክፍለ ከተማ፣ ወደ አዲስ ከተማ ሄዱ። ሚስቴ «ጸሎትህ ሰመረ» አለችኝ።

ለገና መጡ፤ የጻፉትን ፖሊሲም ይዘው። ፊደል ብለይም የመንግሥት አማርኛ ይከብደኛል፤ እሳቸው እያነበቡ አስረዱኝ። እያንዳንዱ ክፍለ ከተማ ማሽን የሚጠግን የራሱ ባለሙያ ሊኖረው ይገባል ይላል።

«ታቦር ነበረው» አልኩ።

«የት ሄደ?»

«ይህንን ሊጽፍ።»

ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡት።

ልቤ ስላልቻለ ኃጢአቴንም ነገርኳቸው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ ከሹመታቸው እንዲያነሳቸው ጌታን ተንበርክኬ ለምኜ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔም እሱኑ ነው የምለምነው፤ መፍቻ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ» አሉ።

ኮታቸውን አውልቀው ወፍጮ ቤት ገቡ። መፍቻውን አንስተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

«እኔ ነገ ተመላሽ ነኝ። ጆሮዎን ያስጠጉ።»

እሳቸው ሞተሩን በእጅ ያዞራሉ፣ እኔ አዳምጣለሁ።

«ምን ይላል?»

«ያቃስታል።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«እንግዲህ ፕሮፌሰር ሆኑ» አሉኝ።

ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ ገጠምኩ። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆሙ፤ ያ ቀን የከበደው ለእሳቸው ነው። ወደ ማታ ወፍጮው ዞረ። በማግስቱ እሳቸውም ወደ ስብሰባቸው ተመለሱ።

አሁን ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሳይቀር ወፍጮ የቆመበት ሁሉ እኔን ይጠራል። ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ኩሽኔታው ነው እላለሁ። ኩሽኔታው ሆኖ ይገኛል።

ባለፈው እሁድ አንድ ሽማግሌያችን ተነሱ። የጋሽ ማርቆስን እጅ ጌታ ባርኮታል፣ የእድገት በር እንዲከፍትላቸው እንጸልይ አሉ። ጉባኤው አሜን ሊል አፉን ሲከፍት ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጸሎት አቋርጬ አላውቅም።

«ወገኖቼ፣ ስለ ጌታ ብላችሁ» አልኩ፤ «ወፍጮ አለኝ።»